የፊልሜን የንጋት ሰማይ ላዳነችልኝ የቀለም እርማት ባለሙያ

ይህን ምስጋና ሳልጽፍ የቆየሁት ፊልሙ በትልቅ ስክሪን እስኪታይ ልጠብቅ ብዬ ነው። ታየ፤ ሰማዩም ንጹሕ ነበር።

የ22 ደቂቃ ዘጋቢ ፊልሜ የሚጀምረው ጎህ ሲቀድ ነው። ከጥቁር ሰማያዊ ተነስቶ ቀስ እያለ ወደ ብርቱካናማ የሚሄድ ሰማይ። ካሜራው ላይ እንዲያ ያማረው ምስል ሬንደር ሆኖ (የሚታይ የቪዲዮ ፋይል ተደርጎ) ሲወጣ ግን እርከን እንደተሠራለት ተዳፋት ተቆራርጦ አገኘሁት። ቢትሬቱን (ለአንድ ሰከንድ ምስል የሚመደበውን የመረጃ መጠን) ከ10 ወደ 20፣ ከ20 ወደ 50 ሜጋቢት ከፍ አደረግኩ። ፋይሉ አበጠ እንጂ እርከኑ ንቅንቅ አላለም። የፌስቲቫሉ ማስረከቢያ ቀን ሲቀርብ እንቅልፍ አጣሁ። ያኔ ነው ጓደኛዬ ወደዚህች የቀለም እርማት ባለሙያ የላከኝ።

ፋይሉን ሳትከፍት በፊት "የት ነው የሚታየው?" ብላ ጠየቀችኝ። ቀጥላ ደግሞ "በስንት ቢት ነው የቀረጽከው?" አለችኝ። አላውቅም ነበር። ጥሬውን ፋይል ከፍታ አሳየችኝ። ካሜራዬ የቀረጸው በ10 ቢት ነው፤ እኔ ግን ሳወጣው የነበረው ባለ 8 ቢት ኤች.264 በሚባለው ኮዴክ (ቪዲዮ የሚታመቅበት ዘዴ) አድርጌ ነው። 10 ቢቱ ለእያንዳንዱ ቀለም የሚሰጠው 1024 ደረጃ በእጄ ወደ 8 ቢቱ 256 ወርዷል። "የጠፋውን ደረጃ ቢትሬት ከየት ያመጣዋል?" አለችኝ። ይባስ ብሎ ቀለሙን ያረምኩት ከኤዲቲንግ ፕሮጀክቱ ሳይሆን ቀደም ብዬ ካወጣሁት የታመቀ የቪዲዮ ፋይል፣ ከኤምፒ4 ላይ ነበር። የታመቀውን መልሼ አምቄዋለሁ ማለት ነው። ሌላ ሰው ቢሆን ይቆጣኝ ነበር፤ እሷ ግን ወንበር ስባ አጠገቧ አስቀመጠችኝ።

ወደ ፕሮጀክቱ ተመልሳ ጥሬዎቹን ፋይሎች አገናኘች፣ ቀለሙን እንደ አዲስ አረመች፣ ማስተሩን (ሌሎቹ ቅጂዎች የሚወጡበትን ዋና ፋይል) ፕሮሬስ 422 ኤችኪው በሚባል ኮዴክ አወጣች። ይህ ኮዴክ 10 ቢቱን እንዳለ ይይዛል፤ እያንዳንዱን ፍሬምም ለብቻው ያስቀምጣል። ኤች.264 አብዛኛውን ጊዜ ሙሉ ምስል የሚይዘው አልፎ አልፎ ነው፤ በመካከል ያሉትን ከጎረቤቶቻቸው የሚለዩበትን ብቻ ይመዘግባል። ለተመልካች ለማድረስ ድንቅ ነው። ለኤዲቲንግ ግን ኮምፒውተሩን ያንገዳግደዋል፣ ተደጋግሞ በታመቀ ቁጥርም ምስሉ ይጎዳል። የኤዲቲንግ ሶፍትዌር ሠሪው አቪድ ያወጣው ዲኤንኤክስኤችአር ኤችኪውኤክስ የሚባል ኮዴክም ለማስተር እንደሚሆን ነግራኛለች።

በ1080 የምስል መጠን፣ በሰከንድ 25 ፍሬም፣ ፕሮሬስ 422 ኤችኪው በሰከንድ 184 ሜጋቢት ገደማ ይወስዳል። ፊልሜ 30 ጊጋባይት ሆኖ ሲወጣ ደነገጥኩ። "ይሄ ማስተርህ ነው። ፌስቲቫሉ ይሄን ይወስዳል፣ ለኢንተርኔት የሚሆነውን ኤች.264 ደግሞ ከዚሁ እናወጣለን" አለችኝ። ከዚያ የድሮውንና የአዲሱን ሰማይ ጎን ለጎን ሁለት እጥፍ አጉልታ፣ ጣቷን ከአድማሱ ጀምራ ወደ ላይ ሳበች። በግራ በኩል ጣቷ ያለፈባቸውን እርከኖች መቁጠር ይቻል ነበር። በቀኝ በኩል የሚቆጠር ነገር አልነበረም። ዓይኔ እንባ አቀረረ።

ከሁሉ በላይ የማመሰግናት ግን ስለ ሐቀኝነቷ ነው። ጥራት የሚባለው ነገር ገብቶኝ "እንግዲያው የቀሩትንም ሥራዎቼን ከኤችኪውም በሚበልጠው በፕሮሬስ 4444 አውጪልኝ" አልኳት፤ ተከፍሏት ልትሠራው ትችል ነበር። እምቢ አለችኝ። በስልክ የቀረጽኳቸው ባለ 8 ቢት ምስሎች ናቸውና "የኩባያ ውሃ በርሜል ውስጥ ቢገለበጥ አይበዛም" አለችኝ። 4444ን የተጠቀመችው ከጀርባው ምንም በሌለው የርዕስ ጽሑፍ ላይ ብቻ ነው፤ ያ ኮዴክ ሌላ ምስል አሳልፎ የሚያሳየውን ባዶ ጀርባ አብሮ ስለሚይዝ።

እህቴ፣ እጅሽ ይባረክ። የሁለት ዓመት ልፋቴን ነው ያዳንሽልኝ።

ስሟን በአደባባይ እንዳልጽፍ ስለጠየቀችኝ፣ የምትፈልጓት በውስጥ መስመር ጻፉልኝ፤ አገናኛችኋለሁ። ስትሄዱ ግን ያወጣችሁትን ኤምፒ4 ብቻ ይዛችሁ አትሂዱ። ፕሮጀክቱንና የካሜራውን ጥሬ ፋይሎች በሙሉ ያዙ፤ እሱን ትጠይቃችኋለች።