ጄነራሎቹ ወይስ መስታወቱ?
በቻይና ልማድ ክፉ መንፈስ የሚመለሰው ከበር ላይ ነው። አንዱ ዘዴ የበር አማልክትን ሥዕል መለጠፍ ነው። በጣም የታወቁት ቺን ቾንግና ዩቺ ጎንግ ናቸው፤ በ7ኛው ክፍለ ዘመን የኖሩ የታንግ ሥርወ መንግሥት ጄነራሎች። አፈ ታሪኩ እንደሚለው፣ ንጉሠ ነገሥት ታይዞንግን መናፍስት እንቅልፍ ሲነሱት ሁለቱ ታጥቀው በሩ ላይ አደሩ። ንጉሡም ተኛ። ግን ሰው ስንት ሌሊት ቆሞ ያድራል? ምስላቸው ተስሎ በነሱ ፈንታ ተለጠፈ። ዛሬም ለቻይና አዲስ ዓመት ሥዕሉ ይታደሳል።

ሌላው ዘዴ የባጓ (የስምንቱ ምልክቶች) መስታወት ነው። ባለ ስምንት ጎን ነው፤ ከደጃፍ በላይ፣ በውጭ በኩል ይሰቀላል። መጥፎውን ወደ መጣበት ይመልሳል ይባላል። ጣጣው ፊት ለፊት ያለ ጎረቤት ነው፤ «ክፉውን ወደ እኔ ላከብኝ» ብሎ ሊቀየም ይችላል። እኔ ጄነራሎቹን እመርጣለሁ። ያምራሉ፣ ከጎረቤትም አያጣሉም።