የ1፡87 ዝግ ፉርጎ ኪት፦ ከ9 ወር በኋላ ምን ያዘ፣ ምን ለቀቀ

እዚህ የሚገመገመው ባለ40 ጫማ የአሜሪካ ዝግ ፉርጎ በ1፡87 ልኬት፣ ማለትም ከእውነተኛው 87 ጊዜ አንሶ፣ የሚገጣጠምበት የሞዴል ባቡር ፕላስቲክ ኪት ነው። የሚያመርተው ጥቂት ሰዎች የሚሠሩበት ትንሽ ድርጅት ስለሆነ ስሙ ይቅር። አራት ሳጥን ተገዝቶ ሁለቱ ደሴ፣ ሁለቱ ኮምቦልቻ ተገጣጥመዋል። ሥራው ሐምሌ ላይ ተጀምሮ አሁን ሚያዝያ ነው፤ አራቱም ሀዲድ ላይ ይሮጣሉ፣ አንዱ ግን ሆዱ ገብቷል። ለምን እንደገባ ወደ ታች ይመጣል።

የፕላስቲኩ ሥራ አያሳፍርም። ለዚህ አገር ሰው ችግር የሚሆነው ሳጥኑ ውስጥ ያልተካተተው ነገር ነው፦ ማጣበቂያው፣ ክብደቱና አየሩ።

መጀመሪያ ስለ ልኬቱ። በ1፡87 ሀዲዱ 16.5 ሚሊ ሜትር ይሰፋል፤ የ1,435 ሚሊ ሜትር ሀዲድ ማለት ነው። ከአዋሽ ተነሥቶ በኮምቦልቻ በኩል ወደ ሐራ ገበያ የሚዘልቀው መስመር የተዘረጋውም በዚሁ ስፋት ስለሆነ የኮምቦልቻን ጣቢያ ጠረጴዛ ላይ ማየት የሚያምረው ሰው ሀዲዱን በድፍረት ይግዛ። የድሮውን የጅቡቲ ባቡር የሚያስብ ግን ይጠንቀቅ። ያኛው መስመር የ1 ሜትር ስፋት ስለነበረው በዚሁ ልኬት 12 ሚሊ ሜትር ሀዲድ ይጠይቃል፣ የዚህ ፉርጎ እግር አይሄድበትም።

ሳጥኑ ሲከፈት አራት ጎኑ ባንድ የተቀረጸ አካል፣ ለብቻው ጣሪያ፣ ወለል፣ የወለል ስር ተሸካሚዎች፣ በሮች፣ መሰላሎች፣ የፍሬን ዕቃዎች (ሲሊንደር፣ የአየር ታንክ፣ ቫልቭ) እና በውሃ የሚለቅ ስቲከር ይገኛል። ቦጊ (ጎማዎቹን የሚይዘው የፉርጎው እግር)፣ ጎማና ፉርጎን ከፉርጎ የሚያያይዘው መጋጠሚያ ለብቻ ነው የሚገዙት። ይህ በሳጥኑ ጎን በደቃቅ ጽሑፍ ተጽፏል፤ ሳያነቡ ያዘዙ ሰዎች ሁለት ጊዜ የማጓጓዣ ይከፍላሉ።

የሪቬቶቹ ራስ በጥፍር ሲዳሰስ ይቆጠራል። የበሩ ሀዲድ ቀጥ ያለ ነው፣ የጣሪያው ክፍል ከአካሉ ጋር ያለ ሞረድ ይገጥማል። ከአራቱ ወለሎች አንዱ መሐሉ ላይ 1 ሚሊ ሜትር ያህል ተቆልምሞ መጣ። የሚቃናው በሙቅ ውሃ ነው። ደሴ ላይ ውሃ የሚፈላው 92 ዲግሪ አካባቢ ቢሆንም ፈልቶ እንደወረደ አይነከርም፤ 5 ደቂቃ ይቀዝቅዝና ወለሉ ለአንድ ደቂቃ ይነከር፣ ከዚያ በሁለት መስተዋት መካከል መጽሐፍ ተጭኖበት ይደር። ክፍሎቹ ከፍሬማቸው (አንድ ላይ ከያዛቸው የፕላስቲክ ዘንግ) ሳይቆረጡ ለብ ባለ ውሃና በጠብታ ላርጎ ይታጠባሉ። ከቅርጽ ማውጫው የቀረ ቅባት ካልለቀቀ ቀለም አይይዝም።

አሁን ወደ ማጣበቂያው። የኪቱ ፕላስቲክ፣ ፖሊስታይሪን፣ እንደ እንጨት አይጣበቅም፣ ይበየዳል፦ ፈሳሹ ሁለቱን ፊት በስሱ ያሟሟል፣ ሲተን አንድ ሆነው ይቀራሉ። መመሪያው የሚያዝዘው ቀጭን ፈሳሽ ተቀጣጣይ ስለሆነ በአየር መላኪያ አይቀበሉትም። ስለዚህ ከከተማው መፈለግ ግድ ነው። የጥፍር ቀለም ማስለቀቂያ ብዙ ሰው መጀመሪያ የሚሞክረው ነው፤ ተዉት። ቅባትና ሽቶ ስላለበት መጋጠሚያው ላይ የሚያንሸራትት ፊልም ይተዋል። ንጹህ አሴቶን ደግሞ ክፍሎቹ ሳይጋጠሙ ይተናል፣ የነካውን ፊት አንጥቶ ያሻክራል፣ የያዘ የመሰለው መገጣጠሚያም በሳምንቱ በጣት ይለቃል።

የሠራው የመኪና ቀለም ቲነር ነው፣ ቶሉኢን ያለበት። ከጋራዥ ወደ ጋራዥ ስለሚለያይ ግን በየጠርሙሱ መፈተን አለበት፦ ከፍሬሙ ሁለት ቁራጭ ቆርጦ ማጋጠም፣ በብሩሽ ጫፍ አንዴ መንካት፣ ለአንድ ቀን ማስቀመጥ፣ ከዚያ መስበር። የተሰበረው ከመጋጠሚያው ውጭ ከሆነ ቲነሩ ደህና ነው። በራሱ መጋጠሚያ ላይ ለሁለት ከተከፈለ ጠርሙሱ ለብሩሽ ማጠቢያ ይሁን። አጠቃቀሙ ላይ ብሩሹ እጅግ ቀጭን ይሁን፤ ክፍሎቹ ቀድመው ይጋጠሙ፣ ፈሳሹ ስንጥቁ ጫፍ ላይ ብቻ ይነካ፣ ራሱ ስቦ ይገባል። ጣት መጋጠሚያው ላይ ካረፈ ፈሳሹ በጣቱ ስር ይሮጥና አሻራ ይቀርጻል፤ ከአራቱ ፉርጎዎች ሁለቱ ይህ ምልክት አለባቸው። ክፍተት ላለበት ቦታ የፍሬም ፍርፋሪ በትንሽ ብርጭቆ ብልቃጥ ቲነር ውስጥ እንደ ማር እስኪወፍር ይሟሟል፣ ከስቱኮ የተሻለ ሙሌት ይሆናል። መስኮት ይከፈት። ቡና በሚፈላበትና ከሰል በተያያዘበት ክፍል ውስጥ ብልቃጡ ጨርሶ አይከፈት።

ሱፐር ግሉ ለሽቦና ለብረት ብቻ ነው የሚያስፈልገው፣ ባሕርዩም ከወር ወር ይለዋወጣል። የሚደርቀው በአየር እርጥበት ስለሆነ ነሐሴ ላይ ደሴ ጉም ሲወርድ ክፍሉን ሳታስተካክሉት ይይዛል፣ በዙሪያውም ነጭ ዱቄት የመሰለ ጭጋግ ይተዋል። ጥር ላይ ኮምቦልቻ ውስጥ ደግሞ አልያዝ ይላል፤ አንዴ እፍ ሲሉበት የትንፋሹ እርጥበት ያፈጥነዋል። ከቱቦው በቀጥታ አይንጠብ፤ በመርፌ ጫፍ ተነክሮ ይነካ።

ክብደት። የአሜሪካ የሞዴል ባቡር ሠሪዎች ማኅበር ለዚህ ልኬት 1 አውንስ መነሻ፣ ከዚያ በየኢንቹ ግማሽ አውንስ ይመክራል። ይህ ፉርጎ 14 ሴንቲ ሜትር ስለሚረዝም 106 ግራም መሆን አለበት፤ ከነቦጊው ያለ ክብደት ሲመዘን 45 ግራም ነው። 60 ግራም ያህል ይጎድላል። ባለ10 ዳዶ አንዱ 11 ግራም ገደማ ስለሚመዝን አምስቱ ይበቃሉ፣ ሁለት ሁለቱ ከየቦጊው በላይ፣ አንዱ መሐል። ከጎሚስታ ቤት የሚጣለው የባላንስ እርሳስም ይሆናል፣ በነጭ የእንጨት ኮላ ግን አይለጠፍ። የኮላው አሲድ እርሳሱን ያዝገዋል፣ ዝገቱ ያብጣል፣ በወራት ውስጥ ወለሉን ወደ ታች ይገፋል። ዳዶም ሆነ እርሳስ በሁለት ፊት በሚለጠፍ ፎም ቴፕ ቢያዝ ይሻላል።

ሆዱ የገባው ፉርጎ ነገር እዚህ ላይ ነው። በእሱ ላይ ዳዶዎቹ በወፍራም የፍርፋሪ ማጣበቂያ ተለጥፈው በማግስቱ ጣሪያው ተዘጋ። ትነቱ መውጫ አጥቶ ውስጥ ታመቀና ጎኖቹን ከውስጥ አለሰለሰ። በአምስተኛው ሳምንት ሁለቱም ጎን ከበሩ አጠገብ ወደ ውስጥ ሰመጡ፤ ማስመሪያ ሲጠጋበት በስሩ ብርሃን ያልፋል። ከዚህ በኋላ የሚመልሰው የለም። ሌሎቹ ሦስቱ ወለላቸው ላይ፣ ከፍሬን ታንኩ ጀርባ በማይታይበት ቦታ፣ ሁለት ባለ3 ሚሊ ሜትር ቀዳዳ ተበስቶላቸው ጣሪያቸው ከሳምንት በኋላ ነው የተዘጋው። ሦስቱም ቀጥ እንዳሉ ናቸው። መመሪያው ስለ ቀዳዳ አንድ ቃል አይልም። ይባስ ብሎ ጣሪያውን በ4ኛ ደረጃ፣ ክብደቱን በ6ኛ አስቀምጦታል! ቅደም ተከተሉን ገልብጡት።

የእጅ መያዣዎቹ ቀዳዳ ቦታ በጭረት ተመልክቷል፣ መብሳቱ የእናንተ ነው። በአንድ ፉርጎ ከ30 የሚበልጥ ቀዳዳ አለ፣ በ0.35 ሚሊ ሜትር መሰርሰሪያ። ትራፓኖ ፕላስቲኩን ስለሚያቀልጥ በእጅ ይዙር። ለሰርኪት ቦርድ የሚሸጠው ጠንካራ መሰርሰሪያ በእጅ ትንሽ ሲያዘነብል ይሰበራል፣ ተራው ብረት ይሻላል። ቀዳዳው በመርፌ ቀድሞ ካልተወጋ ጫፉ ይንሸራተታል። ሽቦው 0.3 ሚሊ ሜትር ነው፤ ከሳጥኑ የሚመጣው እጥር ያለ ስለሆነ አራት አምስት ቢበላሽ ምትክ የለም። የጊታር ባለ012 ክር ልክ ያው ውፍረት ነው። ብረት ስለሆነ ግን ወዲያው ቀለም ካልተቀባ የደሴ ክረምት ያዝገዋል፣ ለስላሳ ፒንሳም ያበላሻል። ወረንጦውንና ማጉያውን ከሞባይል ጥገና ቤት ማግኘት ይቻላል፣ ከውጭ ከሚመጣው አይተናነሱም።

ለቦጊው የሚጠበቀው ነገር ትንሽ ቢሆንም ችላ ከተባለ ፉርጎው ከሀዲድ ሲወርድ ይውላል። የአንዱ ቦጊ ቪቴ ግራና ቀኝ እንዳይወዛወዝ፣ ወደ ጎን ግን እንዲዞር ሆኖ ይጠበቅ፤ የሌላው ሩብ ዙር ይላላ። እንደ ሦስት እግር በርጩማ ማለት ነው፤ ያልተስተካከለ ሀዲድ ላይ አይነቃነቅም። ቪቴው ቢጠፋ የሞባይል ባለ2 ሚሊ ሜትር ይላላል፣ 2.5 ደግሞ ምሰሶውን ይሰነጥቀዋል፤ ባለ2ውን በቀጭን ፕላስቲክ ጠቅልሎ ማስገባት ያዋጣል። የጎማዎቹ የውስጥ ርቀት በካሊብሮ 14.4 ሚሊ ሜትር መሆን አለበት፤ ከጥንዶቹ ሁለቱ ጠበው መጥተው በማጣመም ተስተካክለዋል። ቦጊው አሴታል የሚባል ሌላ ፕላስቲክ ስለሆነ ቲነር አያሟሟውም፣ ዘይትም አይወድም። ዘይት የኮምቦልቻን አቧራ ሰብስቦ ጥቁር ጭቃ ያደርገዋል፤ የመጻፊያ እርሳስ ጫፍ ዱቄት ይበቃዋል። ፉርጎን ከፉርጎ የሚያያይዘው መጋጠሚያ መሐሉ ከሀዲዱ ላይ 9.9 ሚሊ ሜትር ይሁን፣ ክዳኑም በቪቴ እንጂ በፈሳሽ ማጣበቂያ አይዘጋ፤ ፈሳሹ ስቦ ገብቶ መጋጠሚያውን ያደርቀዋል።

ቀለሙን ነሐሴ ላይ በስፕሬይ የሞከረ ሰው ውጤቱን ያየዋል፦ ቲነሩ ሲተን ፊቱን ስለሚያቀዘቅዘው ጉሙ ጤዛ ሆኖ ያርፍበትና ቀለሙ ይነጣል። ጥቅምት ድረስ መታገስ፣ አለያም ጉሙ ሲገለጥ ከቀኑ 5 እስከ 9 ሰዓት መሥራት። የመኪና ስፕሬይ ቀርቦ ከተረጨ ሪቬቱን ይበላዋል፤ ከ30 ሴንቲ ሜትር፣ ስስ አድርጎ፣ ሦስት ጊዜ። ስቲከሩ በሚያንጸባርቅ ቫርኒሽ ላይ ይለጠፍ። አቼቶ በእኩል ውሃ ተበርዞ በብሩሽ ሲነካው ለስልሶ በሪቬቶቹ ላይ ይቀመጣል።

ከ9 ወር አያያዝ በኋላ የተሰበረው ያው አንድ ዓይነት ክፍል ነው፦ ከአካሉ ጥግ ወደ ታች የተንጠለጠለው የእግር መርገጫ። ከ16ቱ 7ቱ ሄደዋል፣ አብዛኞቹ በእጅ ሲነሡ እንጂ በሩጫ አይደለም። አምራቹ ሲጻፍለት አንድ የጎደለ በር በነጻ ልኳል፣ መርገጫውን ግን ለብቻው አይሸጥም፣ ያ ዙር ካለቀም ሌላ መቼ እንደሚቀርጽ አይናገርም። ምትኩ የስቴፕለር ሽቦ ነው፤ ጠፍጣፋና የታጠፈ ስለሆነ በፒንሳ አጥቦ፣ በ0.5 ሚሊ ሜትር ቀዳዳ ሁለት እግሩን አስገብቶ በሱፐር ግሉ መያዝ። የተተኩት ሰባቱ እስካሁን አልነቀነቁም። ከደሴ በሐረጎ ቁልቁለት ወደ ኮምቦልቻ ሲወሰዱ ፉርጎው በጀርባው ተገልብጦ፣ መርገጫዎቹ ወደ ላይ ሆነው፣ ጣሪያው ስፖንጅ ላይ ያርፍ። ካርቶኑ ፀሐይ የሚመታው የመኪና መስተዋት ስር አይቀመጥ።