ለእልህ ውድድር ዲኤክስ ያዘጋጀልን ጋራዥ፦ ፍሬንና ራዲያተር ስጡት፣ ብየዳ አትስጡት

ቀድሜ ፍርዴን ልናገር። አሮጌ መኪና ካላችሁና የሚያስቸግራችሁ ሙቀት ወይም ፍሬን ከሆነ፣ ጎንደር ላይ ከፒያሳ ወደ አዘዞ በሚወስደው መንገድ ዳር ያለው ባለ ቆርቆሮ አጥር ጋራዥ ሂዱ። ታፔላ የለውም። በሩ ላይ ሁልጊዜ አንድ አይሱዙ ኮፈኑን ከፍቶ ስለሚቆም አያመልጣችሁም። ብየዳና ኤሌክትሪክ ከሆነ ግን ሌላ ቦታ ፈልጉ።

እኛ የሄድነው ለተለየ ጉዳይ ነው። አራት ጓደኛሞች ነን። አንዱ ባጃጅ ይነዳል፣ አንዱ ቴክኒክ ኮሌጅ ያስተምራል፣ አንዷ ፋርማሲ ትሠራለች። እኔ ባንክ ስለምሠራ ማንም ሳይጠይቀኝ ገንዘብ ያዥ ሆንኩ። ነገሩን የለኮሰችው አሜሪካ ያለችው የአክስቴ ልጅ ናት። እዚያ ከ2006 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ሌመንስ የሚባል የመኪና ውድድር አለ። ደንቡ መኪናዋ ከ500 ዶላር በላይ እንዳታወጣ ነው። የአደጋ መከላከያው፣ ማለት ብረት ቀፎው፣ መቀመጫው፣ ቀበቶው፣ ፍሬኑ፣ ከሒሳብ ውጭ ነው። ዳኞቹ መኪናዋ ከዚያ በላይ ታወጣለች ብለው ከጠረጠሩ ዙር ይቀንሱባችኋል። አሸናፊው አንዴ የፈጠነው አይደለም፤ ሹፌር እየቀያየረ በተሰጠው ሰዓት ውስጥ ብዙ ዙር የዞረው ነው። ቪዲዮውን ላከችልን፤ አለቀልን።

እኛ ጋ 500 ዶላር የሚባል መኪና የለም። በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪኖች ወደ አገር እንዳይገቡ በ2016 ዓ.ም. ከተከለከሉ ወዲህ ደግሞ የአሮጌ መኪና ሻጭ አፍ አይያዝም። ስለዚህ የእኛን ደንብ በትንሹ አሻሻልነው፦ «ባለቤቱ ሊገላገላት የፈለገ መኪና»። የባጃጁ ልጅ አጎት ግቢ ውስጥ ዶሮ ያደረባት ቶዮታ ኮሮላ ዲኤክስ ነበረች። ባለ 4ኬ ሞተር፣ 1290 ሲሲ፣ በኋላ ጎማ የምትገፋ። ተቀናቃኞቻችን ላዳ ያላቸው ሌሎች ልጆች ናቸው። ጤፍ ሲታጨድ ከአዘዞ ወዲያ አንድ ገበሬ በፈቀዱልን ሜዳ ላይ፣ ከጠዋቱ 12 ሰዓት እስከ ማታ 12 ሰዓት እንዞራለን። መንገድ ላይ አንወዳደርም፤ መንገድ ላይ ይወዳደራሉ ብሎ የሚያወራ ካለ ውሸት ነው።

አሁን ወደ ጋራዡ።

ባለቤቱን ሁሉም «ጋሼ» ነው የሚላቸው። ዝርዝራችንን ይዘን ገባን፤ ሞተር ይወረድ፣ ፋሻ ይቀየር፣ ካርቡራቶር ይቀየር፣ ማርሚታ ይሰፋ። አነበቡት። ከዚያ ወረቀቱን መለሱልኝና «እታለም፣ ይቺ መኪና ቀኑን ሙሉ ልትዞር ነው ወይስ ልትሞሸር?» አሉኝ። ሞተሩን አስነስተው ድምፁን ሰሙ፣ የዘይት መለኪያውን ዘንግ አወጡ፣ ከማርሚታ የሚወጣውን ጭስ አዩ። «ሞተሩን አትንኩት። የሚያቆማችሁ ውሃና ፍሬን ነው።» ብዙ ጋራዥ አይቻለሁ፤ ሥራ ይዘህ ስትገባ ይሄ አያስፈልግህም የሚል ግን ብርቅ ነው።

ራዲያተሩን ፈቱት። የላይኛውን ታንክ በእሳት አነሱት። ውስጡ የተጠራቀመው ዝገትና ጭቃ የምን ዘመን እንደሆነ እንጃ። ቱቦዎቹን አንድ በአንድ በቀጭን ብረት ወጉ፣ አጠቡ፣ መልሰው በስታኞ ዘጉ። ከዚያ በአየር ሞልተው በርሜል ውሃ ውስጥ ነከሩት፣ አረፋ እንዳይወጣ። እስካሁን ይሄንን ማንም ራዲያተር ሠሪ ያደርገዋል።

እኔን የገረመኝ ክዳኑ ነው። ሱቅ ልከው አዲስ የራዲያተር ክዳን አስመጡ፤ 0.9 የሚል የተጻፈበት፣ የሚይዘው የግፊት መጠን ማለት ነው። እኔ የቀድሞው ምን ሆነ ብዬ ተሟገትኩ፤ ገንዘብ ያዥ ነኛ። የኮሌጁ መምህር ነው ያስረዳኝ። ጎንደር ከባሕር ጠለል ከ2100 ሜትር በላይ ናት። እዚህ ክፍት ድስት ላይ ውሃ የሚፈላው 93 ዲግሪ አካባቢ ነው፤ መቶ አይደርስም። ክዳኑ ግፊቱን ካልያዘ የመኪናዋም ውሃ ያኔውኑ መፍላት ይጀምራል። ደህና ክዳን ከያዘው ግን እስከ 110 ዲግሪና ከዚያም በላይ ሳይፈላ ይቆያል። ጎሚኒው የደረቀ ክዳን ማለት የተቃጠለ የቴስታታ ጓርኒሲዮን፣ ማለት በሞተሩ ራስና አካል መካከል ያለው ማሸጊያ፣ ማለት ነው። የክዳኑ ዋጋ ደግሞ ከጓርኒሲዮኑ ጋር አይወዳደርም። ከፈልኩ።

ሞተሩ እስኪሞቅ ውሃው ወደ ራዲያተር እንዳያልፍ የሚዘጋውን ቴርሞስታትም አናወጣም አሉ። ይሄ ራሱ ትልቅ ነገር ነው። ብዙ ጋራዥ ሞተር ሞቀ ሲባል መጀመሪያ የሚያደርገው ቴርሞስታት አውጥቶ መወርወር ነው። ጋሼ የእኛን በማሰሮ ውሃ ውስጥ ነክረው በእሳት ላይ ሲከፈት አሳዩን፤ ይከፈታል፤ መልሰው አስገቡት። በማለዳ ብርድ ቀዝቅዞ የሚዞር ሞተር ነዳጅ ይበላል፣ ዘይቱንም ያበላሻል።

ፍሬኑ ላይም እንደዚሁ ናቸው። የፊቱን ዲስክ አስለሰሉ፣ ሸራ ቀየሩ፣ የኋላውን ታምቡር ከፍተው ጎሚኒዎቹን አዲስ አደረጉ። አሮጌው የፍሬን ዘይት ቡና መስሎ ወጣ። የፍሬን ዘይት እርጥበት ይጠጣል፤ እርጥበት የጠጣ ዘይት ደግሞ ሲግል ይፈላና ፔዳሉ ወለል ድረስ ይገባል። ዶት 4 ነው ያስገቡልን። ንጹህ እስኪወርድ ድረስ አንዱ ልጅ ፔዳል እየረገጠ፣ ሌላው ከታች እየከፈተ። አንዱ ረዳት ቸኩሎ ሊያቆም ሲል «ድገም» ይሉታል። ደግሞ «ድገም»።

ማመስገኑ እዚህ ያበቃል።

ጋራዡ ውስጥ ጥግ ይዞ የሚሠራ ብየዳ ሠራተኛ አለ። የብረት ቀፎውን እንዲሠራልን ጠየቅነው። መኪናዋ ብትገለበጥ ጣራው ተደፍጥጦ ሹፌሩን እንዳይበላው የሚይዘው ብረት ማለት ነው። ሰውየው ያለ አንዳች ማመንታት ቱቦላሬ ይዞ መጣ። የግቢ በር የሚሠራበት ቱቦላሬ! አይሆንም ስንለው የውሃ ቧንቧ አመጣ። ዚንክ የተቀባ ቧንቧ ሲበየድ ጭሱ ይመርዛል፣ ብየዳውም አይጸናም፤ ብረቱም ለዚህ የተሠራ አይደለም። የኮሌጁ መምህር ይሄንን ሲያስረዳው «ከበር በምን ይለያል?» አለ። ጨዋ ሰው ነው፤ በሩንም አሳምሮ ይሠራል። ቀፎው ግን ሰው የሚድንበት ነው። እሱን የኮሌጁ መምህር ራሱ፣ ወፍራም ባለ ክብ ብረት ፈልጎ፣ ሌላ ቦታ በያጅ ይዞ እየሠራው ነው። እሱ እስኪያልቅ ማንም መሪ አይጨብጥም፤ ገንዘብ ያዥ ሆኜ ያስከበርኩት አንድ ሕግ ይሄ ነው።

ኤሌክትሪኩም ያው ነው። የሙቀት መለኪያ እንዲያስገባልን የሰጠነው ልጅ መብራቱን ከመለኪያው ጋር አያይዞት፣ የፊት መብራት ባበራን ቁጥር ቫልቮላ (ፊውዝ) ይቃጠላል። ስንመልስለት ቫልቮላውን በሽቦ ጠቅልሎ ሰጠን። እሳት ማለት ነው እኮ። ለጋሼ ስንነግራቸው ልጁን ተቆጡት፣ ገንዘቡንም መለሱልን። ይሄን አልረሳላቸውም።

ሌላው ቅሬታ ወረፋ ነው። አይሱዙ ከመጣ የእናንተ መኪና ትቆያለች። እንጀራቸው እሱ ስለሆነ አልፈርድም፤ ግን «ነገ ነይ» የሚባለውን ቃል በሳምንት ተርጉሙት። መብራት ሲጠፋ ደግሞ ብየዳና ኮምፕረሰር የሚፈልግ ሥራ ሁሉ ይቆማል።

ጎን ያለው ጎሚስታ አሮጌ ጎማ ይሸጣል። ጥርሱ አዲስ ይመስላል። ጎኑ ላይ ያሉትን የመጨረሻ አራት ቁጥሮች እዩ፤ ሁለቱ ሳምንቱ፣ ሁለቱ ዓመቱ ነው። 0912 ካለ በ2012 እ.ኤ.አ. በዘጠነኛው ሳምንት የተሠራ ነው። እንዲህ ያለው ጎማ ደርቆ ይሰነጠቃል። አራት አገላብጠን ሁለት ብቻ ገዛን።

እንግዲህ ለምትሄዱ፦ ሰኞ አትሂዱ፣ የሳምንት መጨረሻ ብልሽት ሁሉ ያኔ ነው የሚመጣው። መለዋወጫ ራሳችሁ ግዙ፣ የሚገዛውን ግን ጋሼ ይጻፉላችሁ። ቤንዚን ጠፍቶ በሃይላንድ ከገዛችሁ ጨርቅ ላይ አጥልሉት፤ የእኛ ካርቡራቶር ውስጥ ያገኙት አሸዋ ከዚያ የመጣ ነው ብለዋል። ዋጋ ቀድማችሁ ተነጋገሩ፣ ይቀንሳሉ። በቴሌብርም ይቀበላሉ። ደረሰኝ ግን ካልጠየቃችሁ አይሰጡም፤ ስጠይቃቸው የጻፉልኝም «ዲኤክስ፣ ልዩ ልዩ» የሚል ነው።