ሕያው ድንጋይ ከነደባሎቹ፦ ሳጥኑ ውስጥ ማን አለ?

ለባሕር ውሃ አኳሪየም ላይቭ ሮክ የሚባለውን ሕያው ድንጋይ የሚገዛ ሰው ገንዘቡን የሚያወጣው ለድንጋዩ አይደለም። ድንጋዩ የሞተ ኮራል አጽም ነው፤ ካልሲየም ካርቦኔት። ደረቁን የፈለገ በርካሽ ያገኘዋል። ዋጋ የሚያስጨምረው ቀዳዳው ውስጥ የሚኖረው ነው፦ አሞኒያን ወደ ናይትራይት፣ ናይትራይትን ወደ ናይትሬት የሚቀይሩት ባክቴሪያዎች፣ ሐምራዊው ኮራላይን አልጌ፣ ስፖንጁ፣ ኮፔፖድ የሚባሉት ለዓይን የሚያስቸግሩ ጥቃቅን ሽሪምፕ መሰል እንስሳት። ታዲያ እነዚህን ያመጣ ቀዳዳ ሌላም ያመጣል። ኮራል የሚበላ፣ ዓሣ ላይ የሚጣበቅ፣ ቀንድ አውጣ የሚሰብር ደባል ሳይጠራ አብሮ ይገባል። ስለዚህ ይህን ዕቃ በቀለሙ መመዘን አይቻልም፤ የሚመዘነው ይዞት በመጣው ነዋሪ ነው።

ገበያ ላይ በሦስት መልክ ይገኛል። ምርጡ በባሕር ውሃ ውስጥ እንዳለ የሚላከው ነው። ስፖንጁ በሕይወት ይደርሳል፤ አደገኛው ደባልም እንዲሁ። በእርጥብ ጋዜጣ ተጠቅልሎ የሚመጣውን ግን አንመክርም። አየር የነካው ስፖንጅ በአብዛኛው ይሞታል፤ በስብሶም ውሃውን በአሞኒያ ይሞላዋል። ሸርጣኑና ባለ ጸጉሩ ትል ግን እርጥበት እስካለ ድረስ ጉዞውን ችለው ይደርሳሉ። የምትፈልጉት ሞቶ የማትፈልጉት ተርፎ የሚመጣ ዕቃ ማለት ነው። ደረቁ ድንጋይ ከደባል የጸዳ ነው፤ ሐምራዊ እስኪሆን ግን ወራት ይፈጃል። ንጽሕናውም የሚቆየው የመጀመሪያው ኮራል ከነመቀመጫው እስኪገባ ድረስ ብቻ ነው።

ሳጥኑ እንደደረሰ ድንጋዩን በቀጥታ ወደ ዋናው አኳሪየም መክተት ትልቁ ስህተት ነው። የተለየ ገንዳ ወይም ንጹሕ የፕላስቲክ በርሜል አዘጋጁለት፤ ማሞቂያና ውሃውን የሚያንቀሳቅስ ፓምፕ ይበቃዋል። ሙቀቱ 25 ዲግሪ ሴልሺየስ አካባቢ፣ የውሃው አንጻራዊ ጥግግት (የጨዋማነቱ ልክ) ሪፍራክቶሜትር በሚባለው መለኪያ 1.025 ይሁን። ላስቲኩ ውስጥ የቀረውን ውሃ አትድፉት። በጥቅጥቅ ወንፊት አጥልሉትና የቀረውን ነጭ ሳህን ላይ ገልብጡት፤ የደባሎቹ የመጀመሪያ ዝርዝር እዚያ ሳህን ላይ ነው።

ቀጥሎ ጨዋማ ነከራ ነው። በባልዲ የተዘጋጀ፣ ከ1.035 እስከ 1.040 የሚደርስ ውሃ ውስጥ ድንጋዩን ለአንድ ደቂቃ ያህል አቆዩትና ነቅነቅ አድርጉት። ሸርጣንና ማንቲስ ሽሪምፕ የመሳሰሉት ጨውን ሸሽተው ከቀዳዳቸው ይወጣሉ። ሁሉም አይወጡም፤ ስፖንጁም ትንሽ ይጎዳል። ጨው በሌለው ውሃ መንከር ግን ሌላ ነገር ነው፦ የከፈላችሁበትን ሕይወት አብሮ ይገድላል።

እዚህ ላይ ቀልድ የሌለበት ማስጠንቀቂያ አለ። ድንጋዩ ላይ አዝራር የሚመስሉ ፓሊቶአ የሚባሉ ፖሊፖች (የኮራል ዘመድ የሆኑ ትናንሽ እንስሳት) ሊኖሩ ይችላሉ፤ አንዳንዶቹ ፓሊቶክሲን የተባለ ብርቱ መርዝ አላቸው። ደባል ለመግደል ብሎ ድንጋዩን የሚቀቅል ሰው መርዙን በእንፋሎት ይተነፍሰዋል፤ በዚህ ምክንያት ሆስፒታል የገቡ ቤተሰቦች አሉ። አትቀቅሉ፣ በሙቅ ውሃ አትፈትጉ። ጓንትና የዓይን መከላከያ አድርጉ።

ድንጋዩን የመለየቱ ሥራ በአብዛኛው የሌሊት ነው። መብራት ከጠፋ ከአንድ ሁለት ሰዓት በኋላ ቀይ ብርሃን ያለው የእጅ ባትሪ ያዙና ቀስ ብላችሁ ቅረቡ። ብዙዎቹ ሽሪምፖችና ሸርጣኖች ቀይ ብርሃንን በደንብ አያዩትም፤ ስለዚህ አይሸሹም። ነጭ ባትሪ ላይ ቀይ ላስቲክ መጠቅለልም ይሠራል። ከዚህ ዕቃ ጋር ከሚገዙት መሣሪያዎች ሁሉ ለገንዘቡ ዋጋ ያለው ይህ ነው እንላለን፤ ሁለተኛው 10 ጊዜ የሚያጎላ የእጅ አጉሊ መነጽር ነው።

ከሁሉ አስቀድማችሁ ፈልጉት የምንለው አይፕታዥያ የሚባለውን አኒሞን፣ አበባ የመሰለውን ተናዳፊ የባሕር እንስሳ ነው። ግንዱ ቡናማ ሆኖ ብርሃን ያሳልፋል፤ ክንዶቹ ረጃጅምና ጫፋቸው የሾለ ነው፤ መሐሉ ላይ አፉ ጎልቶ ይታያል። በቀጭን ዘንግ ስትጠጉት በቅጽበት ወደ ቀዳዳው ይሰበሰባል። ላባ የመሰለው ባለ ቱቦ ትልም እንዲሁ ይሸሻል፤ እሱ ግን ቱቦ አለው፣ ዘውዱም ላባ እንጂ ክንድ አይደለም፤ አትንኩት። ማጃኖ የሚባለው የአይፕታዥያ ዘመድ አጭር ነው፤ የክንዶቹ ጫፍ እንደ ኳስ ያበጠ፣ ብዙ ጊዜም አረንጓዴ ነው።

አይፕታዥያን በቢላ መፋቅ ማባዛት ነው። ከእግሩ የቀረች ቁራጭ ሁሉ ራሷን የቻለች አኒሞን ትሆናለች። መፍትሔው መርፌ ነው፦ ፓምፑን አጥፉ፣ እንስሳው እስኪዘረጋ ጠብቁ፣ በካልሲየም ሃይድሮክሳይድና በጥቂት ውሃ የተሠራ ሊጥ በሲሪንጅ አፉ ላይ ጣሉ፣ ከ10 እስከ 15 ደቂቃ ውሃውን አታንቀሳቅሱ። ሊጡ የውሃውን ፒኤች ስለሚያንር በአንድ ቀን ጥቂቶቹን ብቻ ውጉ። ተዘጋጅቶ የሚሸጠው አይፕታዥያ-ኤክስ የሚሻለው እንስሳው ራሱ ስለሚውጠው ነው፤ ቀድሞ በተሸሸገው ላይ ግን ያው ነው፣ አይሠራም። ቤርጊያ የምትባለው ትንሽ ዛጎል አልባ ቀንድ አውጣ የምትበላው አይፕታዥያን ብቻ ነው፤ እሱ ሲያልቅ እሷም በረሃብ ትሞታለች። አይፕታዥያ እንዲበላላችሁ ፔፐርሚንት ሽሪምፕ ስትገዙም ጀርባውን እዩ፦ ጉብታና ነጫጭ ሰንበሮች ካሉት የግመል ሽሪምፕ ነው፤ ለኮራሉም አይመለስም። ይህን ሁሉ ሥራ አንድ አይፕታዥያ ሳለ ብታደርጉት ይሻላል፤ «በእንቁላሉ ጊዜ በቀጣሽኝ» የተባለው እዚህም ይሠራል።

ሸርጣን ከሆነ በቀለሙ አትፍረዱ፤ መቆንጠጫውን እዩ። ጫፉ እንደ ማንኪያ የጎደጎደ ከሆነ አልጌ የሚግጥ ነው፤ ኤመራልድ የሚባለው አረንጓዴው ሸርጣን እንዲህ ያለ ነው። ጫፉ የሾለና የጠቆረ፣ ገላውም ጸጉራም ከሆነ ሥጋ ፈላጊ ብላችሁ ገምቱት። ልዩነቱ የሚስተው ኮራል ቅርንጫፍ ውስጥ የተቀመጠውን ለስላሳና ጸጉር አልባ ሸርጣን ሲያባርሩ ነው፦ ትራፔዚያ ይባላል፣ ቤቱ የሆነውን ኮራል ከጠላት ይጠብቃል። ጸጉራሙን ለመያዝ ግድግዳው ለስላሳ የሆነ ብርጭቆ ድንጋዩ ላይ አዘንብሉና ውስጡ የሽሪምፕ ቁራጭ ጣሉ። ይገባል፣ መውጣት ግን ያቅተዋል።

በሌሊት «ጠቅ» የሚል ድምፅ ከሰማችሁ ሁለት ተጠርጣሪዎች አሉ። ፒስቶል ሽሪምፕ አንዱ መቆንጠጫው ከሌላው እጅግ የገዘፈ ነው፤ በአብዛኛው ጉዳት የለውም። ማንቲስ ሽሪምፕ ደግሞ በዘንግ ላይ የተተከሉ፣ እየብቻቸው የሚዞሩ ዓይኖች አሉት። ጠዋት የተሰባበረ የቀንድ አውጣ ቅርፊት ካገኛችሁ ሁለተኛው ነው። ወጥመድ ውስጥ እምብዛም አይገባም፤ የተደበቀበትን ድንጋይ አውጥቶ ባልዲ ላይ መያዝና ጋዝ ያለበት ውሃ በሲሪንጅ ቀዳዳው ውስጥ መርጨት ይሻላል። አስወጥታችሁ ብትገድሉት ያሳዝናል፤ ለብቻው ገንዳ ካለው የሚደነቅ እንስሳ ነው።

ትል ባየን ቁጥር መደንገጥ የተለመደ ነው፤ በአብዛኛው ግን ያለ ምክንያት። ግራና ቀኙ ነጭ ጸጉር ያለው ሮዝማ ትል የተረፈ ምግብ የሚያጸዳ ነው። ጸጉሩ ግን ቆዳ ውስጥ ተሰብሮ ይቀራል፤ ከወጋችሁ በፕላስተር እየለጠፋችሁ ንቀሉት፣ ከዚያ ኮምጣጤ ቀቡት። መፈራት ያለበት የእሳት ትሉ ሄርሞዲሴ ነው፦ ወፍራም ነው፣ ከነጩ ጸጉር አጠገብ ቀይ ቅርንጫፋማ ስንጥብ አለው፣ ራሱም ላይ የተሸበሸበ ሥጋ ይታያል፤ የኮራል ጫፍ ይበላል። ራሱ ላይ አምስት አንቴና የቆጠራችሁበትና ገላው በብርሃን የሚያብረቀርቅ ከሆነ የዩኒሴ ወገን ነው፤ ትልልቆቹ ዓሣ ያጠምዳሉ። ሲጎተት ይቆረጣል፤ ስለዚህ ድንጋዩን ራሱን ለዩት።

ከጥቃቅኖቹ ቅርፊታም እንስሳት አምፊፖድ ከጎን ወደ ጎን የተጨፈለቀ፣ ጎበጥ ያለ ነው፤ የዓሣ ቀለብ ነው። አይሶፖድ ግን ከላይ ወደ ታች ጠፍጣፋ ነው። እንደ ኳስ የሚጠቀለለው ጉዳት የለውም። ትልልቅ ዓይን ያለው፣ በፍጥነት የሚዋኘው፣ ሲሮላኒድ የሚባለው አይሶፖድ ግን ዓሣ ላይ ተጣብቆ ደም ይመጥጣል፤ ሳይበላም ብዙ ጊዜ ይቆያል፣ ስለዚህ አንድም ብታዩ ዓሣ አታስገቡ።

የቀሩትን በፍጥነት እንለፋቸው። ጥቃቅን ነጭ ጥምዝ ቱቦዎች፣ ስምንት ሰሌዳ ያለው ካይተን፣ ጆሮ የመሰለች ቅርፊት የተሸከመችው ስቶማቴላ ይቆዩ። ጠንካራ ቱቦ ሠርቶ የንፍጥ መረብ የሚዘረጋው ቬርሜቲድ ቀንድ አውጣ ግን አጠገቡ ያለውን ኮራል ስለሚያስቆጣ ቀዳዳውን በሱፐር ግሉ ጄል ድፈኑት። ክንዶቿ እኩል ያልሆኑት ትንሿ አስቴሪና ኮከብ በአብዛኛው አልጌ ትበላለች፤ ዞአንቲድ (አዝራር መሳዮቹ ፖሊፖች) ላይ ተቀምጣ ብታገኟት ግን አንሷት።

ድንጋዩ ማቆያው ውስጥ ከ4 እስከ 6 ሳምንት ይቆይ፤ አሞኒያና ናይትራይት ዜሮ ሆነው ካልጸኑ አይወጣም፣ እስከዚያም ውሃ መቀየር አይቋረጥ። ድንጋዩ ዓሣ ካለበት ገንዳ የመጣ ከሆነ የነጭ ነጥብ በሽታ እንቁላል መሰል ከረጢቶች ተጣብቀውበት ሊሆን ስለሚችል 76 ቀን ያለ ዓሣ ማቆየት የተለመደ ነው። ማንነቱን መለየት ያቃታችሁ እንስሳ ሲኖር ሁለት ሊትር የባሕር ውሃ፣ የአየር ፓምፕና ማሞቂያ ያለበት ማሰሮ ውስጥ ለብቻው አድርጉት። በአንድ በኩል አልጌ የያዘ ትንሽ ድንጋይ፣ በሌላው የሽሪምፕ ቁራጭ አኑሩና ጠዋት የትኛው እንደጎደለ እዩ። የአንድ ሌሊቱ ምስክርነት ካልበቃ ሁለተኛ ሌሊት ጨምሩ፤ ሥጋውን ብቻ የበላው ወደ ዋናው ገንዳ አይመለስም፣ ከዋናው ሥር ባለው የማጣሪያ ገንዳ ውስጥ ግን መኖር ይችላል።