ፋየርፎክስ በሁለት ቨርዥን፦ ፕሮፋይሎቹ ከወራት አገልግሎት በኋላ

ደብረ ብርሃን ውስጥ የጽሕፈትና የኢንተርኔት አገልግሎት የሚሰጥ ቤት ብዙ ጊዜ አዲስና አሮጌ ኮምፒውተር ቀላቅሎ ነው የሚሠራው። አንዱ ላይ ዊንዶውስ 10 ተጭኗል፤ ሌላው ዊንዶውስ 7 ላይ ቀርቷል። እንዲህ ያለ ቤት የኢንተርኔት ማሰሻውን ፋየርፎክስን ለወራት ሲያሠራ ራስ ምታት የሚሆንበት ፍጥነቱ ሳይሆን ፕሮፋይሉ፣ ማለትም ቡክማርክ፣ ፓስወርድና ታሪክ የሚቀመጥበት ፎልደር ነው። ፍርዱን ለማስቀደም፦ ቨርዥኖችን ለያይቶ መያዙ ግሩም ነው፤ ምን እንዳደረገ ለተጠቃሚው ማስረዳት ላይ ግን ደካማ ነው።

ከቨርዥን 67 (ሜይ 2019) ወዲህ እያንዳንዱ የተጫነ ፋየርፎክስ የራሱን ፕሮፋይል ይይዛል። መደበኛው “ዲፎልት ሪሊዝ”፣ የረጅም ጊዜ ድጋፍ ያለው ኢኤስአር ደግሞ “ዲፎልት ኢኤስአር” የሚል ስም ያለው ፕሮፋይል ይከፍታል። የሚለያቸው የተጫኑበት ፎልደር ነው። ጣጣውም እዚሁ ላይ ነው፦ ባለ 32 ቢቱን አጥፍቶ ባለ 64 ቢቱን የጫነ ሰው ፎልደሩ ስለተቀየረ ባዶ ፋየርፎክስ ይከፈትለትና “ቡክማርኬ ጠፋ” ይላል። አልጠፋም። አድራሻ መጻፊያው ላይ በእንግሊዝኛ አባውት፣ ሁለት ነጥብ (:)፣ ፕሮፋይልስ ብሎ መግባት፣ የድሮውን ፕሮፋይል መፈለግ፣ “ሴት አዝ ዲፎልት ፕሮፋይል” የሚለውን መጫን፣ ከዚያ ፋየርፎክስን ዘግቶ መክፈት ነው። ከተዘረዘሩት ውስጥ የትኛው የድሮው እንደሆነ ካልታወቀ “ሎንች ፕሮፋይል ኢን ኒው ብራውዘር” እያሉ አንድ በአንድ ከፍቶ ማየት ይቻላል።

ዊንዶውስ 7ን፣ 8ንና 8.1ን የሚቀበለው የመጨረሻው ፋየርፎክስ በጁላይ 2023 የወጣው 115 ሲሆን፣ አሮጌዎቹ ማሽኖች በ115 ኢኤስአር ላይ ቆመው ቀርተዋል። ስለዚህ ከአዲሱ ማሽን ሙሉ ፕሮፋይል በፍላሽ ገልብጦ ሸዋ ሮቢት ያለው አሮጌ ማሽን ላይ መጫን አይሠራም። ሰው ከጣርማ በር ቁልቁል ይወርዳል፤ ፕሮፋይል ግን ዳገት እንጂ ቁልቁለት አያውቅም። አዲሱ ቨርዥን የቡክማርክና የታሪክ ዳታቤዙን አደረጃጀት አንዴ ካሻሻለው አሮጌው በትክክል ሊያነበው አይችልም። ለዚህም ነው ፋየርፎክስ “አሮጌ ቨርዥን ከፍተሃል” ብሎ አዲስ ፕሮፋይል ከመፍጠርና ከመውጣት ሌላ ምርጫ የማይሰጠው። ብዙ ሰው ይረግመዋል፤ ትክክሉ ግን እሱ ነው። “አላው ዳውንግሬድ” በሚለው ትእዛዝ ማለፍ ይቻላል፤ ለሥራ ፕሮፋይል ግን አንመክርም።

ወደ አሮጌው መውሰድ የግድ ከሆነ ቡክማርኩን በኤችቲኤምኤል ኤክስፖርት ማድረግ፣ ፓስወርዱን በሲንክ (በአካውንት በኢንተርኔት በኩል በሚያመሳስለው የፋየርፎክስ አገልግሎት) ማስተላለፍ ይሻላል። ከአሮጌው ወደ አዲሱ ሲሆን ግን ነገሩ ቀላል ነው፦ ሁለቱንም ፋየርፎክስ መዝጋት፣ አባውት ፕሮፋይልስ ላይ “ሩት ዳይሬክተሪ” የተባለውን ፎልደር አስቀድሞ አይቶ ውስጡን መገልበጥ። ፓስወርድ ብቻ የሚፈልግ ሎጊንስ የተባለውን የጄሰን ፋይልና ኪ4 የተባለውን የዲቢ ፋይል አብሮ ይውሰድ። አንዱ ያለ ሌላው አይከፍትም፤ “ገልብጬ ፓስወርዱ አልመጣም” የሚለው አቤቱታ አብዛኛውን ጊዜ መነሻው ይኸው ነው።

ከ138 (ኤፕሪል 2025) ጀምሮ ቀስ በቀስ የመጣው አዲሱ የፕሮፋይል ሜኑ ቀለምና ምልክት ስላለው ያምራል፤ ሁለት ሠራተኛ አንድ ማሽን ሲጋራ ማን ማን እንደሆነ በጨረፍታ ይለያል። ነገር ግን እዚያ የተፈጠረ ፕሮፋይል በአባውት ፕሮፋይልስ ዝርዝር ውስጥ አይታይም፤ 115 ላይ ደግሞ ሜኑው ጭራሹኑ የለም። ሁለቱን ማደባለቅ ግራ ያጋባል። አሮጌና አዲስ ቨርዥን ለሚያሠራ ቤት ሁሉንም በአባውት ፕሮፋይልስ መፍጠር ይበጃል። ከዚያ ሾርትከቱን ቀኝ ክሊክ፣ ፕሮፐርቲስ፣ “ታርጌት” ላይ ከመጨረሻው ትእምርተ ጥቅስ ቀጥሎ ክፍት ቦታ፣ ሰረዝ፣ ካፒታል ፒ፣ ክፍት ቦታና የፕሮፋይሉ ስም። ስሙ አንድ ቃል ቢሆን ይመረጣል፤ ክፍት ቦታ ካለው በትእምርተ ጥቅስ መታቀፍ አለበት።

ዳታ በፓኬጅ ለሚገዛ አንድ ነገር፦ እያንዳንዱ ፕሮፋይል የራሱ ካሽ (የወረዱ ገጾች ማቆያ) እና የራሱ ኤክስቴንሽን (ተጨማሪ መሣሪያ) ስላለው አንዱ የከፈተውን ገጽ ሌላው እንደ አዲስ ያወርዳል። 4 ጊጋ ራም ላይ ሁለት ፕሮፋይል አብሮ ይሠራል፤ ሦስተኛው ሲጨመር ማሽኑ ያቃስታል። ፕሮፋይል ቁልፍም አይደለም፦ ማሽኑ ላይ የተቀመጠ ሁሉ የማንንም መክፈት ይችላል። የሠራተኛው ፓስወርድ በ“ፕራይመሪ ፓስወርድ” ይቆለፍ፤ የደንበኛ ፓስፖርት ወይም ፋይዳ የሚሞላው ግን በፕራይቬት ዊንዶው ብቻ ይሁን።

መብራት በድንገት ሲጠፋ ዳታቤዙ ሊጎዳ ይችላል። ምልክቱ ቡክማርክ አልቀመጥ ማለቱና አድራሻ ሲጻፍ የቆየ ገጽ አለመምጣቱ ነው። እንደ አባውት ፕሮፋይልስ አድራሻ መጻፊያው ላይ በሚጻፈው አባውት ሰፖርት ውስጥ “ፕሌስስ ዳታቤዝ” ከሚለው ሥር “ቬሪፋይ ኢንተግሪቲ” መጫን ብዙ ጊዜ ይበቃል። ካልበቃ ፋየርፎክስ ራሱ እስከ 15 የሚደርስ የቡክማርክ መጠባበቂያ ያስቀምጣል፤ ቡክማርክ ማስተዳደሪያው ላይ “ሪስቶር” ብሎ ቀኑን መምረጥ ነው። ፕሮፋይል ሲሰረዝ ደግሞ “ዶንት ዲሊት ፋይልስ” የሚለውን መምረጥ ይሻላል፤ ስሙ ከዝርዝሩ ይወጣል እንጂ ፎልደሩ ባለበት ይቆያል።