የኋላ መብራት ሽቦ፦ መጠገን ወይስ ሙሉ በሙሉ መቀየር?

ጎንደር ውስጥ የቆየ ፎልስዋገን ወይም ኤንትሬ (የፊያት የጭነት መኪና) ያለው ሁሉ ይህን ይጠይቃል።

ወጪ፦ ጥገናው ይረክሳል፤ ቅያሬው የሽቦም የእጅም ዋጋ አለው።

ጊዜ፦ ጥገናው ይፈጥናል።

አደጋ፦ ዋናው ልዩነት እዚህ ነው። ሽፋኑ ደርቆ የተሰነጠቀ ሽቦ አንድ ቦታ በናስትሮ ቢጠቀለል ሌላ ቦታ ቦዲውን ይነካል፤ ፊውዝ ያቃጥላል፣ ፊውዝ ከሌለው እሳት ሊያስነሳ ይችላል። በሌሊት ሊማሊሞን የሚወርድ የጭነት መኪና የፍሬን መብራቱ ከጠፋ የሰው ሕይወት ነው የሚያስከፍለው!

ሽፋኑ ገና ለስላሳ ከሆነ ጥገና ይበቃል። ፍሬን ሲረገጥ ፍሬቻው አብሮ ደብዘዝ ብሎ ከበራ፣ ሽቦ ከመግዛታችሁ በፊት ከቦዲው ጋር የሚያያዘውን የኔጌቲቭ መገናኛ ከዝገት አጽዱ፤ ብዙ ጊዜ ጥፋቱ እዚያ ነው።

ሽቦው ሲታጠፍ ከተሰባበረ፣ ወይም መኪናው ጭነት ይዞ ደባርቅ የሚመላለስ ከሆነ ሙሉ ቅያሬውን እመርጣለሁ።