ለመስማት ባለሙያዋ ምስጋና፤ ለወላጆቻችሁ የመስሚያ መሳሪያ በፖስታ ከማዘዛችሁ በፊት ይህን አንብቡልኝ

በሜሪላንድና በቨርጂኒያ ለምትኖሩ፣ በተለይ እናት አባት አገር ቤት ወይም እዚሁ አጠገባችሁ ኖረው መስማት ለከበዳቸው ወገኖች ነው የምጽፈው። በሕክምና አስተርጓሚነት ስለምሠራ የመስሚያ መሳሪያ፣ ብዙዎቻችን ሂሪንግ ኤድ የምንለው፣ ሲለካና ሲስተካከል አጠገብ ተቀምጬ አያለሁ። በደንብ የሚሠራና ለስሙ ብቻ የሚሠራ ባለሙያ ልዩነታቸው የሰማይና የምድር ነው። ዛሬ የማመሰግናት ኦዲዮሎጂስት፣ ማለትም የመስማት ባለሙያ፣ ከመጀመሪያዎቹ ናት። ስሟን በአደባባይ እንዳልጽፍ ስለጠየቀችኝ አልጽፍም፤ በውስጥ መስመር ለጠየቀኝ ግን እልካለሁ። እጇ ይባረክ፣ ዕድሜና ጤና ይስጥልኝ!

ነገሩን በአንዲት እናት ላስረዳ። ጻፈው ያለችኝ ልጃቸው ናት። ልጆቻቸው ተባብረው ጥንድ መሳሪያ ከኢንተርኔት አዘዙላቸው። ሻጩ ድርጅት በስልክ መተግበሪያ «ምርመራ» አደረገና ዕቃውን ላከ። ከዚያ ወዲያ ስቃይ ብቻ ነው። ቀኙ ያፏጫል። የራሳቸው ድምፅ እንስራ ውስጥ ሆነው የሚናገሩ ያህል ያስተጋባባቸዋል። ሲደወል አንዱ «ጆሮ ውስጥ የሚገባውን ጎማ ቀይሩት» ይላል፤ ሌላው «መተግበሪያውን ዘግታችሁ ክፈቱት» ይላል፤ ሦስተኛው ሁሉንም ከሀ ጀምሮ ይጠይቃል። እሳቸው እንግሊዝኛ አይችሉም፣ ጆሯቸውን ደግሞ በዓይኑ ያየ ሰው የለም። የመመለሻው ቀን ሲያልፍ ስልኩን የሚያነሳም ጠፋ፣ መሳሪያው መሳቢያ ገባ።

ባለሙያዋ ዘንድ የመጡት አዲስ ሊገዙ ነበር። እሷ ግን «መጀመሪያ የገዛችሁትን አምጡት» አለች። ደግነቱ በባለሙያ ኮምፒውተር የሚከፈት ዓይነት ሆኖ ተገኘ። ሁሉም እንዲህ አይደለም፤ በፖስታ የሚሸጡት ብዙዎቹ ከሻጩ መተግበሪያ በቀር ማንም የማይነካቸው ናቸው፣ ስትገዙ ይህን ጠይቁ።

ጆሯቸውን ስታይ ቀኙ በኩክ ተደፍኗል። የስልኩ ምርመራ ኩኩን እንደ መስማት ድክመት ቆጥሮ የቀኙን ድምፅ ከልክ በላይ ከፍ አድርጎት ነበር። ያ ድምፅ ኩኩ ላይ ነጥሮ ወደ ማይክሮፎኑ ሲመለስ ነው የሚያፏጨው። ጎማ ቢቀያይሩ መቼም አይሄድም ነበር። ኩኩ ከጸዳ በኋላ ድምፅ በማያስገባው ክፍል ሁለት ዓይነት ልኬት አደረገች፤ አንዱ በጆሮ ማዳመጫ፣ ሌላው ከጆሮ ጀርባ አጥንት ላይ በሚቀመጥ ነዛሪ። ሁለቱ ውጤቶች ከተራራቁ መንስኤው የውጪው ወይም የመካከለኛው ጆሮ ነው፣ ወደ ሐኪም ያስልካል። አብረው ከወረዱ ድካሙ የውስጥ ጆሮ ነው፣ የመስሚያ መሳሪያ በዋናነት የሚረዳው ይህን ነው። በስልክ ይህን መለየት አይቻልም።

ከዚያ ዋናው መጣ። ቀጭን የሲሊኮን ቱቦ ጆሮ ውስጥ ገባ። ለሴት 28 ሚሊ ሜትር፣ ለወንድ 30 ገደማ ላይ ምልክት ይደረግበታል፣ ጫፉ ከታምቡሩ 5 ሚሊ ሜትር ያህል እንዲርቅ ነው። መሳሪያው በላዩ ይደረግና በ55፣ በ65 እና በ75 ዴሲቤል ንግግር ይለቀቃል፤ ዝግ ያለ፣ መካከለኛ፣ ከፍ ያለ ማለት ነው። ስክሪኑ ላይ አንዱ መስመር ታምቡሩ ጋ መድረስ የሚገባው፣ ሌላው በትክክል የደረሰው ድምፅ ነው። የእናታችን መሳሪያ ከ2000 እስከ 4000 ኸርዝ ባሉት ቀጫጭን ድምፆች ላይ ከሚገባው በጣም ዝቅ ብሎ ነበር። ሰ፣ ሸ እና ፈ ጉልበታቸው ያለው እዚያና ከዚያ በላይ ነው። ሰው «እሰማለሁ፣ ግን ምን እንደተባለ አይገባኝም» የሚለው እነሱን ሲያጣ ነው።

ማሽኑ ውስጥ የተቀዳ ንግግር አለ፤ ብዙ ባለሙያ እሱን አስደምጦ ይጨርሳል። እሷ አልጨረሰችም። ልጃቸውን አንድ ሜትር ላይ ፊት ለፊት አስቀምጣ «እቤት እንደምታነጋግሪያቸው በራሳችሁ ቋንቋ አነጋግሪያቸው» አለቻት። ልጅቷ ስለ ቡናው፣ ስለ ጎረቤቱ፣ ስለ ልጆቹ ስታወራ ድምጿ መስመር እየሠራ ስክሪኑ ላይ ይወጣል። አማርኛ አንዲት ቃል የማትችለው ባለሙያ ያንን እያየች አንዱን ስትጨምር ሌላውን ስትቀንስ ቆየች። ከዚያ ልጅቷ አፏን በወረቀት ጋርዳ «ሰማ፣ ሸማ፣ ፈራ፣ ሰራ» ትላለች፣ እናት ይደግማሉ። መጀመሪያ «ፈራ» እና «ሰራ» ተምታተውባቸው ነበር፤ በስተመጨረሻ አንዱንም አልሳቱም። «እስቲ ድምፅሽን ዝቅ አድርገሽ ተናገሪ» ብለው ልጃቸውን እንደገና ፈተኗት፣ ያንንም ሰሙ።

አሁንም አላበቃችም። «ከቤት ሲወጡ ራስዎ ላይ ምን ያደርጋሉ?» ብላ ጠየቀች። ነጠላውን ሲከናነቡት መሳሪያው ወዲያው አፏጨ፤ ጨርቅ ጆሮን ሲሸፍን ድምፁን ወደ ማይክሮፎኑ ይመልሰዋል። ክፍቱን ጎማ አውጥታ ትንንሽ ቀዳዳ ባለው ድፍን ጎማ ቀየረችው። ፈጽሞ ድፍን ቢሆን የራስ ድምፅ ያስተጋባል፣ ክፍት ቢሆን ያፏጫል፤ የእሳቸው ልክ መሃሉ ነበር። እንደተከናነቡ እንደገና ለክታ ነው የሸኘቻቸው። ቅዳሴ ተከናንበው ለሚያስቀድሱ እናት ይህን የሚጠይቅ በስልክ የሚሸጥ ድርጅት አላየሁም። የወሰደችውም የምርመራና የማስተካከያ ዋጋ ብቻ ነው፣ አዲስ መሳሪያ አልሸጠችላቸውም። እንዲህ ዓይነት ባለሙያ ስታገኙ አትልቀቋት!

በአካል የሚሠራ ሁሉ ግን እንደሷ እንዳይመስላችሁ። በብዙ ሺህ ዶላር ሸጠው ቱቦ የሚባል ነገር ሳያወጡ፣ ኦዲዮግራሙን፣ ማለትም የመስማት ልኬቱን ሥዕል፣ ኮምፒውተር ላይ አስገብተው፣ የአምራቹን ቁልፍ ተጭነው «ይልመዱት» ብለው የሚሸኙም አሉ። የአምራቹ መነሻ ልክ አብዛኛውን ጊዜ ቀጫጭን ድምፆች ላይ ያንሳል። ስለዚህ ቀጠሮ ከመያዛችሁ በፊት አንድ ጥያቄ ብቻ፦ «ሪል ኢር መለኪያ ታደርጋላችሁ?» ያ በቱቦው የሚደረገው ልኬት ነው። ካላደረጉ ሌላ ቦታ ደውሉ። በአካል ሄዶ ሳይለኩ መምጣት በፖስታ ከማዘዝ የሚለየው በዋጋው ብቻ ነው።

በፖስታ መግዛት ለማን ይሆናል? አሜሪካ ውስጥ ከኦክቶበር 17 ቀን 2022 ጀምሮ ዕድሜው 18 የሞላው፣ ድካሙ ከቀላል እስከ መካከለኛ የሆነ ሰው ያለ ሐኪም ትእዛዝ መግዛት ይችላል። በስልክ መተግበሪያ የሚጫወት፣ ሁለቱም ጆሮው እኩል የደከመ፣ ጆሮው ጸድቶ የተለካ ሰው ከሆነ ይሞክር፣ ገንዘቡም ይተርፋል። አይፎን ያለው ደግሞ በሴፕቴምበር 2024 በመስሚያ መሳሪያነት ፈቃድ ያገኘውን የኤርፖድስ ፕሮ 2 ጆሮ ማዳመጫ አገልግሎት ሊሞክር ይችላል፤ ባትሪው ግን ቀኑን ሙሉ አይቆይም። የመስማት ድካሙ ኦዲዮግራሙ ላይ ከ55 ዴሲቤል ለባሰ ሰው እነዚህ አቅም የላቸውም፣ አትድከሙ። የመመለሻ ደንብ ሳጥኑ ላይ መጻፍ አለበት፣ የፌዴራሉ ሕግ ግን ሻጩን መልሶ እንዲቀበል አያስገድድም፤ ከመክፈታችሁ በፊት አንብቡት። በአካል ከተለካ በኋላ ትንሽ ማስተካከያ በርቀት ማድረግ ግን ምንም ችግር የለውም፣ እሷም ታደርገዋለች።

መደበኛው ሜዲኬር ለመሳሪያው አይከፍልም። ሐኪም ያዘዘውን ምርመራ ግን ይሸፍናል። አንዳንድ የሜዲኬር አድቫንቴጅ ዕቅዶች የተወሰነ ይከፍላሉ። ዋጋ ስትጠይቁ ምርመራው፣ መሳሪያው፣ ማስተካከያውና ክትትሉ ለየብቻ ይጻፍላችሁ በሉ።

አንድ ጆሮ ብቻ ከደከመ፣ አንድ ጆሮ ብቻ ከጮኸ፣ መግል ወይም ደም ከወጣ፣ ራስ የሚያዞር ከሆነ መሳሪያ ሳይሆን ሐኪም ይቅደም። መስማት በድንገት፣ በአንድ ቀን ወይም በሦስት ቀን ውስጥ ከጠፋ ያው ዕለት ሂዱ፤ ስቴሮይድ የተባለው መድኃኒት በዘገየ ቁጥር የመመለስ ዕድሉ ይጠባል።

ወደ አገር ቤት ለሚመለሱ ወላጆች የምመክረው በሚቀየር ባትሪ የሚሠራውን ነው። የሚሞላው በየማታው መብራት ይፈልጋል፣ ውስጡ ያለው ባትሪ ሲደክም ደግሞ እዚያ የሚቀይር ማግኘት ይከብዳል። ቡናማ ተለጣፊ ያለው ባለ 312 ቁጥሩ ባትሪ በሳምንት አንድ ቢያልቅ ለሁለት ጆሮ በዓመት 104 ነው፤ ብርቱካናማው 13 ረዘም ይላል። ተለጣፊው ከተነሳ በኋላ 5 ደቂቃ ያህል አየር ይቅሰም፣ ከዚያ ይግባ። አንዴ ከተነሳ መልሶ መለጠፍ አያድነውም። መሳሪያው «ሞተ» ሲባል አብዛኛውን ጊዜ የሞተው የኩክ ማገጃዋ ናት፤ በወር አንዴ ትቀየር፣ ትርፍ ፓኬቶችም ይያዙ። ቀዩ ምልክት የቀኝ፣ ሰማያዊው የግራ ነው፤ ቀይ ለቀኝ ብላችሁ ንገሯቸው፣ አይረሱትም። መጀመሪያ ጸጥ ባለ ቤት በቀን 3 ወይም 4 ሰዓት ይልበሱት፣ እያደር ይጨምሩ።

ቀጠሮ ስትሄዱ የቀድሞ ኦዲዮግራም፣ የገዛችሁትን መሳሪያ ከነቻርጀሩ፣ የሚወስዱትን መድኃኒት ዝርዝርና የሚከናነቡትን ልብስ ያዙ። አብዝቶ የሚያነጋግራቸው ልጅ አብሮ ይሂድ፣ ድምፁ ለልኬቱ ያስፈልጋል። ለማስተርጎም ግን ልጁን አታድክሙት፤ ከፌዴራል መንግሥት ገንዘብ የሚቀበል የሕክምና ተቋም አስተርጓሚ በነጻ የማቅረብ ግዴታ አለበት፣ ቀጠሮውን ስትይዙ «የአማርኛ አስተርጓሚ» ብላችሁ አስመዝግቡ።